የጎንደሩ ቡድን፦ ለሌላው አስተምረን እኛ የረሳነው ሕክምና

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ፋታ ስታገኙ አንብቡት። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብያለሁ።)

ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠራ ሰው «መልቲዲሲፕሊነሪ ቲም» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ሥልጠና ላይ ይነሳል፣ መመሪያ ላይ ተጽፏል፣ አንዳንዴም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። አንድን ታማሚ ሐኪሙ ብቻውን፣ ነርሷ ብቻዋን፣ ፋርማሲስቱም በመስኮቱ በኩል ብቻውን አያክሙትም። አንድ ላይ ቆመው፣ አንድ ላይ ተነጋግረው፣ አንድ ዕቅድ አውጥተው ያክሙታል።

ብዙዎቻችን ይህን ሐሳብ ከውጭ በፕሮጀክት ታሽጎ የመጣ ፋሽን አድርገን እናየዋለን። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የጤና ባለሙያዎችን በቡድን ማስተማርና በቡድን ማሰማራት ጎንደር ላይ ኮሌጅ ተከፍቶለት የነበረ ነገር ነው። ያውም ከሰባ ዓመት በፊት፣ አገሪቱ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይኖራት።

ይህን የምጽፈው ሳንጃን እያሰብኩ ነው። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር ተነስቶ በትክል ድንጋይ አልፎ ወደ ቆላው የሚወርድ ሁሉ ያውቃታል። ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ወጣት ያልፍባታል፤ ሲታመም ደግሞ ይመለስባታል። የጎንደሩ ሐሳብ ከተወለደበት ግቢ እስከ ሳንጃ ያለው መንገድ ሰባ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሐሳቡ ግን ያን መንገድ ገና አልጨረሰውም። ለምን? እስቲ ከመነሻው እንጀምር።

◆ ደምቢያ ላይ የወረደው መቅሰፍት

እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ባለው የደምቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባ ዙሪያ፣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። በቅርብ ያለችው ትልቅ ከተማ ጎንደር ነበረች፤ ግን ሐኪም ከየት ይምጣ? በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ያሉትም ጥቂቶች አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነበር የሚኖሩት። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ከደምቢያው እልቂት አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ።

እንግዲህ መንግሥት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ልጆችን ውጭ ልኮ ሐኪም አድርጎ እስኪመልስ መጠበቅ ነው። ያ አሥራ አምስት ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ የተመለሰውም ሐኪም ቆላ ድባ ይወርዳል የሚል ዋስትና የለም። ሁለተኛው መንገድ ጥያቄውን መለወጥ ነበር። «ሐኪም ከየት እናምጣ?» ማለቱን ትቶ «ይህን ገበሬ የሚገድለው ምንድን ነው? ያንን ለማስቆምስ ምን ምን ዓይነት እጅ ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ።

የተመረጠው ሁለተኛው ነው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የ«ፖይንት ፎር» ዕርዳታ ትብብር በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ትልቅ ተቋም የበቀለው ከዚህ ነው።

◆ ሦስት ሙያ፣ አንድ ግቢ

ኮሌጁ ያስተማረው አንድ ዓይነት ባለሙያ አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ግቢ ውስጥ ይማሩ ነበር። በኋላም የላብራቶሪ ባለሙያ ተጨመረ። ቁም ነገሩ አንድ ግቢ ውስጥ መማራቸው ብቻ አይደለም፤ ሲመረቁ የሚሄዱትም አንድ ላይ እንዲሆን መታሰቡ ነው። ዕቅዱ ለ50 ሺህ ሰው አንድ ጤና ጣቢያ እንዲኖርና በዚያ ጣቢያ ውስጥ ይህ ቡድን ተሟልቶ እንዲቀመጥ ነበር።

የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። ጤና መኮንኑ የቡድኑ መሪ ነው። ያክማል፣ ቀላል ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ ጣቢያውን ያስተዳድራል፣ የወረርሽኝ ምልክት ሲያይም ይዘግባል። ነርሷ ታዋልዳለች፣ ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት ለቤት ትሄዳለች። ሳኒታሪያኑ ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ ገበያውን፣ ሥጋ ቤቱንና የወባ ትንኝ የሚራባበትን ረግረግ ይመለከታል። የላብራቶሪው ሰው ሦስቱም የሚጠረጥሩትን በማይክሮስኮፕ አይቶ «ነው» ወይም «አይደለም» ይላል።

አሁን ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ወደዚያ ጣቢያ ቢመጣ መድኃኒቱን የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፤ ሕፃኑ ግን ያለው በሦስት ሰው ዓይን ሥር ነው። ነርሷ ቤቱ ሄዳ እናቱ ምን እንደምታበላው ታያለች። ሳኒታሪያኑ የምንጩን ውኃ ያያል። ሰኞ ጠዋት ሲገናኙ «የዚያ ሰፈር ልጆች ለምን በዙ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አንድ ሐኪም ብቻውን፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም። የሚመጡለት ታማሚዎች ናቸው፤ ምንጩ አይመጣለትም።

በሐሳቡ ጎንደር ብቸኛ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1940 ሲድኒና ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በደቡብ አፍሪካ ገጠር፣ ፎሌላ በተባለ ቦታ፣ ተመሳሳይ የቡድን ጤና ጣቢያ አቋቁመው ነበር። ያን ሙከራ የአፓርታይድ መንግሥት አላሳደገውም። የጎንደሩን ልዩ የሚያደርገው ሙከራ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። የአንድ አገር የጤና አገልግሎት የሚቆምበት ምሰሶ እንዲሆን ታስቦ ኮሌጅ ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1961 ኮሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ተመራቂዎቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። የዚያ ዘመን ሰዎች «ጤና መኮንን» ሲሉ በአክብሮት የሚሉት ለዚህ ነው። ለብዙ አውራጃ የመጀመሪያው የተማረ ሐኪሙ እሱ ነበር።

◆ ቡድን ወይስ ዘመቻ?

ብዙም ሳይቆይ ሌላ መቅሰፍት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በቆየው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ያህል እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። ያውም ወባን በማያውቀው ደጋና ወይና ደጋ ነው የጨረሰው። ይህን ተከትሎ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የራሱ በጀት፣ የራሱ መኪና፣ የራሱ ዲዲቲ ረጪ፣ የራሱ አለቃ ነበረው።

ከዚያ ጀምሮ ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ኖሩ፤ ዛሬም አሉ። አንዱ «ለአንድ በሽታ አንድ ድርጅት» ይላል። ሌላው «ለአንድ ሕዝብ አንድ ቡድን» ይላል። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ለለጋሽ ሪፖርት ለመጻፍም ይመቻል። ስንት ቤት ተረጨ፣ ስንት ኪኒን ታደለ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው፤ ውጤቱም ለቁጥር አይመችም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ መጀመሪያው ሄደ። የወባ፣ የቲቢ፣ የሥጋ ደዌ፣ በኋላም የኤችአይቪ ፕሮግራም እየተባለ ጤና ጣቢያው በክፍል በክፍል ተሸነሸነ። እያንዳንዱ በር የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ፎርም፣ የራሱ ሪፖርት አለው። ታማሚው ግን አንድ ሰው ነው። በአንድ ገላው ሦስት በሽታ ይዞ ሦስት በር ያንኳኳል።

እነዚህ ፕሮግራሞች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። እያልኩ ያለሁት ሌላ ነው፦ በሮቹን የሚያገናኝ ኮሪደር ሳንሠራ በር ብቻ አበዛን።

◆ ዓለም ሲቀበለው እኛ የተውነው

እ.ኤ.አ. መስከረም 1978 በአልማ አታ፣ ያኔ በሶቪየት ኅብረት፣ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅን መግለጫ አወጡ። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አዋላጇ፣ ረዳቱና የመንደሩ ጤና ሠራተኛ «እንደ ጤና ቡድን» እንዲሠሩ መሠልጠን አለባቸው የሚል ሐሳብ መግለጫው ውስጥ አለ። ጎንደር ከዚያ በፊት ሃያ ሦስት ዓመት ስታስተምረው የቆየችው ማለት ነው።

በዚያው በ1978 ጎንደር ምን ሆነች? ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ፋኩልቲ ሆነች። የጤና መኮንን ሥልጠናም ተቋረጠ። ዓለም ወደ ቡድን ሲዞር ቡድኑ የተፈጠረበት ቤት ወደ ሐኪም ዞረ።

በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። አገሪቱ ሐኪም በእጅጉ ያስፈልጋት ነበር፤ ጎንደርም ያፈራቻቸው ሐኪሞች እስከ ዛሬ አገር ይዘዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጤና መኮንኑ ከመጀመሪያውም «ግማሽ ሐኪም» ተብሎ የሚታይበት ዓይን ነበር። ራሱም ዕድል ሲያገኝ ሐኪም ለመሆን ይማራል። ሳኒታሪያኑን ደግሞ ብዙ ሰው «መጸዳጃ ቆጣሪ» ነበር የሚለው። ቡድኑ ሥራውን የተካፈለውን ያህል ክብሩን አልተካፈለም። ሥራው በቡድን፣ ክብሩና ደመወዙ በማዕረግ ሲሆን ቡድን አይዘልቅም። የጎንደሩ ቡድን መጀመሪያ የተሰነጠቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ መሥርቶ ቡድኑን መልሶ አነሣው። የጤና መኮንን ሥልጠናም በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ተመለሰ። ጎንደርም እስከ ዛሬ የምታኮራ አንድ ባህል አላት፤ «ቲቲፒ» ይሉታል። የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የላብራቶሪ፣ የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ በአንድ ቡድን ተደልድለው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። አንድ ላይ ያድራሉ፣ አንድ ላይ ያበስላሉ፣ ቤት ለቤት ቆጠራ ያደርጋሉ፣ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ያክማሉ። ከጎንደር የተመረቀ ሰው ካገኛችሁ ስለ ቲቲፒ ጠይቁት፤ ፊቱ ይበራል። ቀጥላችሁ «አሁን በምትሠራበት ሆስፒታልስ እንደዚያ ትሠራላችሁ?» በሉት። ያን ጊዜ የሚመልስላችሁን እናንተው ስሙት።

ቡድን የተማሪነት ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። ሥራ ላይ ግን የለም።

◆ በሽታው ራሱ ያስገደዳቸው ሆስፒታሎች

በአገራችን ቡድኑ በሆስፒታል ደረጃ ሥር የሰደደባቸው ቦታዎች አሉ። ሁለቱን ልጥቀስ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተቋቋመው አለርት ነው። የሥጋ ደዌ ታማሚ ኪኒን ውጦ ብቻ አይድንም። ነርቩ ስለተጎዳ እግሩን እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ ይሰፋል። ስለዚህ ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ቁስል የሚያጥበው፣ ጫማ የሚሠራው ባለሙያ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛው ሁሉም ያስፈልጋሉ። እዚያ ጫማ ሰፊው የሕክምናው አካል ነው። እሱ ከሌለ የቀዶ ሐኪሙ ድካም በስድስት ወር ውስጥ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። እዚያ የሆነው ነገር ለማመን ይከብዳል። ታካሚ ሆነው የመጡ ሴቶች ድነው ረዳት ነርስ ሆኑ፤ አዲስ የምትመጣዋን ልጅ አጥበው፣ አጽናንተው፣ ለቀዶ ሕክምና ያዘጋጃሉ። ከእነሱ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። የመደበኛ ትምህርት ሳይኖራት ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ጎን ቆማ እየተማረች ራሷ የተመሰከረላት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። ቡድን ማለት ይህ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ማዕረጉ ሳይጠየቅ የሚያውቀውን የሚያዋጣበት ቦታ።

ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ባለሙያዎቹን አንድ ላይ ያቆማቸው መመሪያ አይደለም። በአንድ ሙያ አልድንም ያለው በሽታው ነው።

◆ ቆላውስ?

እንግዲህ ወደ ቆላችን እንመለስ። በአንድ ሙያ አልድንም የሚል በሽታ ከተባለ ከሳንጃ እስከ መተማና ሁመራ ያለው ምድር የራሱ አለው፤ ካላዛር።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። በሰሜን ምዕራብ ቆላ የምትኖረው በዋልካው አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ነው። በሽታው በዚህ አካባቢ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ትልልቅ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ሲከፈቱ ከደጋ ለሥራ የወረደው ወጣት አለቀ። የአካባቢው ተወላጅ ሳይሆን በሽታውን አይቶት የማያውቀው ሞፈር ዘመትና ሳሉግ ነው በብዛት የሚያዘው። ቀን ሰሊጥ ያርማል፤ ማታ ሜዳ ላይ ይተኛል። ካልታከመ ደግሞ ይሞታል፤ በራሱ የሚድን ከስንት አንድ ነው።

በሽታው ስንት ዓይን እንደሚፈልግ ያሳየን የሊቦ ከምከሙ ታሪክ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ቀበሌዎች ሰው በትኩሳት እየከሳ ይሞት ጀመር። «መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው» ተባለ። ሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ሆኖ ቆየ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገ ምርመራ ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው። አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና እስኪጀመር ብዙ ሰው አለፈ። ካላዛር ደጋ አይወጣም ይባል ነበር፤ ወደ ሁመራና መተማ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም ተብሎ ይታመናል። እዚህ ላይ አስቡት። ሐኪሙ የሚያየው ትኩሳቱን ነው፤ ላብራቶሪው የሚያየው የወባው ምርመራ ደጋግሞ ነጻ መሆኑን ነው፤ የመንደሩ ሰው የሚያውቀው ሟቹ የት ሠርቶ እንደመጣ ነው። ሦስቱ እውቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ ኖሮ መልሱ ከሁለት ዓመት በፊት በተገኘ ነበር።

አሁን አንድ ታማሚ በሐሳባችን እንሳል። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ለሰሊጥ አረም ወርዶ ሁለት ወር ትኩሳት ይዞታል፤ ሆዱ በግራ በኩል አብጧል፤ ከስቷል። መጀመሪያ ወባ ተመረመረ፤ የለም። ቀጥሎ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። አልተሻለውም። ቆይቶ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ምን ምን ያስፈልገዋል?

የላብራቶሪ ባለሙያው ምርመራውን በትክክል ማንበብ አለበት፤ ፈጣኑ ምርመራ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ ከጣፊያው ናሙና ይወሰዳል፤ ያ ሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን በየቀኑ መወጋት ነው፤ ይህ የነርሷ ሥራ ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ፋርማሲስቱና ሐኪሙ አብረው መከታተል አለባቸው። በጣም የከሳ ስለሆነ የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ኤችአይቪና ቲቢም መመርመር አለበት። በዚህ አካባቢ ኤችአይቪና ካላዛር አንድ ላይ የያዛቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ በሽታው ተመላላሽ ይሆናል። በመጨረሻም ሰውየው ቤቱ እዚህ አይደለም። 17 ቀን ተኝቶ ማን ያበላዋል? ደመወዙን ከባለሀብቱ ማን ይቀበልለታል? ሲወጣ ወዴት ይሄዳል፤ የኤችአይቪ መድኃኒቱንስ ከየት ይወስዳል? ይህ የማኅበራዊ ሠራተኛ ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌላው ሁሉ ይባክናል። መርፌው በትክክል ተሰጥቶ ኤችአይቪው ካልታየ በሽታው ይመለሳል። ሁሉም ታይቶ ሰውየው «ዓመት በዓል ደረሰ፣ ገንዘቤ ቀረ» ብሎ በአሥረኛው ቀን ከጠፋ ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

አብሮ መሥራት ፍሬ እንዳለው ያሳየን ደግሞ ይኸው አካባቢ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከልና በአብደራፊ ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ በያዛቸው ሰዎች ላይ ጥናት ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። አምቢሶም ብቻ በተሰጣቸው ሕክምናው የሠራው ከመቶ 55 ላይ ነው፤ አምቢሶምና ሚልቴፎሲን ተጣምረው፣ እንደ ታማሚው ሁኔታ ጊዜው ተራዝሞ ሲሰጥ ከመቶ 88 ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ጥምሩን ሕክምና ሲመክር ከተደገፈባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። እንግዲህ ቆላችን ለዓለም መመሪያ ሰጥቷል። ይህ የሆነው የካላዛሩና የኤችአይቪው ክፍል፣ የላብራቶሪውና የፋርማሲው ሰው አንድ ታማሚን እንደ አንድ ሰው ስላዩት ነው።

◆ የሳንጃ ወንዝ

ካላዛር የጎልማሳው ጉዳይ ነው ካልን፣ የሕፃናቱን ደግሞ ሳንጃ ራሷ ትንገረን። በሳንጃ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከግማሽ እጅግ የሚበልጡት ልጆች ቢልሃርዚያ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ልጆቹ ይዋኙበታል፤ እናቶች ያጥቡበታል፤ ሙቀቱ ደግሞ ወንዝ ግቡ ግቡ ይላል።

ፕራዚኳንቴል ጥሩ መድኃኒት ነው። ልጁ ዛሬ ውጦ ይሻለዋል፤ ቅዳሜ ወንዝ ይወርዳል፤ እንደገና ይያዛል። ይህን ልጅ ሐኪም ብቻውን ሊያድነው አይችልም። መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ቀንድ አውጣውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ የ1947ቱ ሳኒታሪያን ሥራ ነው። ዛሬ ያ ሥራ በአብዛኛው የተሰጠው በየቀበሌው ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ነው። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች የተሰማሩበት ይህ ፕሮግራም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ግን በቀበሌ ያለችው ልጅና በሆስፒታል ያለው ሐኪም አንዱ የሌላውን ስልክ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። አንድ ግቢ ውስጥ የነበረው ቡድን በሁለት ዓለም ተከፍሏል።

◆ «እኛ እኮ ሰው የለንም»

ይህን ሳነሳ ከባለሙያዎች የምሰማው መልስ አንድ ነው። «ቡድን ሰው ለተረፈው ነው። እኛ ለተረኛ ክፍል የሚሆን ሰው አጥተናል፤ ደመወዙ አይበቃም፤ መንገዱ ሰላም አይደለም፤ መድኃኒት አይደርስም።» ሁሉም እውነት ነው። ያለፉት ዓመታት ጦርነት፣ የሱዳኑ ግጭትና በመተማ በኩል የገባው ስደተኛ በዚህ አካባቢ ሆስፒታሎች ላይ የጣለውን ሸክም የማያውቅ የለም። ሐኪም አይደለሁምና በእነሱ ቦታ ቆሜ አልፈርድም።

ግን ታሪኩ የሚለው ተቃራኒውን ነው። የጎንደሩ ቡድን የተፈጠረው ሰው ስለተረፈ አልነበረም። ሰው ስለጠፋ ነው። አንድ ሐኪም በሌለበት አገር አራት ዓይነት እጅ ተደምሮ የአንድን ሐኪም ሥራና ከዚያም በላይ እንዲሠራ ነው የታሰበው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የምንለው እኛው አይደለንም እንዴ?

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። «ቡድን ሲበዛ ኃላፊነት ይጠፋል፤ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም።» ይህም እውነት አለው፤ ኮሚቴ የገደለው ሥራ ስንት ነው! ሆኖም የጎንደሩ ቡድን ኮሚቴ አልነበረም። መሪ ነበረው፤ የእያንዳንዱም ድርሻ የታወቀ ነበር። ቡድን ማለት ሁሉም ሁሉን ይሠራል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ሠርቶ፣ ያየውን ለሌላው ይናገራል፤ የሚወስነውም ሰው ሰምቶ ይወስናል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያና ተከታዮቹ ባለሙያዎች ተባብረው እንዲሠሩ ይጠይቃሉ። ስለዚህ አዲስ ወረቀት አያስፈልገንም። የሚያስፈልጉን ጥቂት የማይወደዱ ነገሮች ናቸው። አንድ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከባድ ታማሚ ባለበት አልጋ ዙሪያ፣ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ ላብራቶሪው፣ የሥነ ምግብና የአካባቢ ጤና ባለሙያው የሚቆሙበት ራውንድ። ሁለት፦ እዚያ ላይ ነርሷ መጀመሪያ ትናገር፤ ታማሚው ጋር ያደረችው እሷ ናት። ሦስት፦ ሁሉም የሚጽፍበት አንድ ወረቀት። አራት፦ በተለይ ለቆላው፣ ታማሚው ከመውጣቱ በፊት «ወዴት ነው የምትሄደው?» ተብሎ ተጠይቆ መልሱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ይህችን አንዷን ጥያቄ ለመጠየቅ በጀት አያስፈልግም።

አምስተኛውና ከባዱ ክብር ነው። የላብራቶሪው ሰው «ውጤቱ ከምታስበው ጋር አይሄድም» ብሎ ለሐኪሙ ሲናገር የማይፈራበት ሆስፒታል እስካልሠራን ድረስ ሌላው ሁሉ ስብሰባ ብቻ ነው። የ1947ቱ ቡድን የተሰነጠቀው በዚህ ነው ብያለሁ፤ የዛሬውም የሚሰነጠቀው በዚሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የጎንደር ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። በሕይወት ያሉ በየቤታችሁ ካሉ ቁጭ ብላችሁ አስወሯቸው፤ ስልካችሁንም ከፍታችሁ ቅረጹ። በበቅሎ የሄዱበትን ቀበሌ፣ የተጣሉበትን ነገር፣ የታረቁበትን መንገድ ጠይቁ። እነሱ ጋር ያለው እውቀት ማንም አማካሪ በዶላር አይሸጥልንም።

በሳንጃ፣ በመተማ፣ በአብደራፊ፣ በቋራ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ ዞር ብላችሁ አልጋው ዙሪያ የቆሙትን ሙያዎች ቁጠሩ። አንድ ከሆነ አንድ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት በሉና ኮመንት ላይ ጻፉልን። የሆስፒታሉን ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃናል።

ቸር ያሰማን።